ውሃ እንዳይነካው

ቁጡ ነኝ። ይኼን የእርሻ ቢሮው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «ሸጋዬ ስትመጣ ታይፑ ሳይነካ ይጮኻል» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። ጥፋተኛ ካለ ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ ይወጣልኛል፣ በቃ። ባለፈው ዓመት ቤታችን ላይ ለደረሰው ነገር ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰማንያ አንድ ክረምት ነው። ወንድሜ ምናለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። እናታችን፣ እኔና እሱ ቁስቋም ሥር ባለችው ቤታችን እንኖራለን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። በዚያ ክረምት ጎንደር ውስጥ ወንድ ልጅ ያለው ሰው እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። መንግሥት ብሔራዊ ውትድርና ይለዋል፣ እኛ አፈሳ እንለዋለን። ቀበሌው ኮታ ተጥሎበታል፤ ኮታው ደግሞ የሚሞላው በጎረቤት ልጅ ነው። ስንቱ ጎረምሳ ኮርኒስ ውስጥ ይውል ነበር! የምናለ ስም ከሚጠሩት መሀል እንዳለ የቀበሌው ዘበኛ ለእናቴ ሹክ ብሏታል።

እናቴም ወዲያው ስንቅ ቋጠረችና «ጭልጋ አጎትህ ዘንድ ሂድ፣ ይኼ ነገር እስኪያልፍ እዚያ ተሸሸግ» አለችው። አልሄደም። ያስቀረው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ድንጋዩን ያመጡት የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ወልደ ገብርኤል ናቸው። ለአጭር ሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄደው ነበር። ሌላው ሰው ከውጭ ሲመለስ ቴፕና ካፖርት ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው በባዶ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ከሰል የመሰለች፣ ከሃምሳ ሳንቲም የማትበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ይዘው መጡ። ጓደኛቸው ጀርመናዊ መዳብና ባሪየም፣ ደግሞም ኢትሪየም የሚባል ነገር ደባልቆ፣ በምድጃ ጋግሮ የሰጣቸው ነው። ስሙ ሱፐርኮንዳክተር ነው። እኔ ስሙን እስክለምደው ምላሴ ተሳስሯል። እናቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን «ድንጋዩ» አለችው፣ እኛም እሱኑ ያዝን።

እንደ ድንጋይ ብታየው ምንም የለውም። ተአምሩ የሚገለጠው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ቅዝቃዜ ስል ደግሞ የደባርቅን ውርጭ አይደለም። ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ! መምህሩ ይኼን ሲናገሩ «ታዲያ ይኼን ብርድ ከየት ያመጡታል?» አልኳቸው። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚባል ነገር ያስፈልጋል አሉ። ያኔ ሳቅሁ። ፈሳሽ ናይትሮጅንማ እኛ መሥሪያ ቤት አለ! አዘዞ፣ ከብት ማዳቀያው ጣቢያ፣ የኮርማ ዘር እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት ጋን ሙሉውን እሱ ነው። ስንቴ የማመላለሻውን ወረቀት በታይፕ መትቻለሁ።

የጋኑ ጠባቂ አያ ቢሻው ናቸው። የደምቢያ ሰው ናቸው፤ ለፎገራ ላሞች ሲሉ ሚስታቸውን የረሱ እየተባሉ ይታማሉ። መጀመሪያ «ምነው ሸጋዬ፣ ኮርማዎቼን ልትጨርሺ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ናይትሮጅኑ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በማኪና ነው፣ መንገዱ ደግሞ በጦሩ ኮንቮይ ተጨናንቋል። ጋኑ ባይነካም በራሱ ይተናል። ቢሆንም ምናለ ለመናቸው፤ ሲለምን ደግሞ ያንን የአባታችንን ፈገግታ ያሳያል፣ ማን ይችለዋል? አንድ ፔርሙዝ ሊሰጡን ተስማሙ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አዘዞ ሄድን። መምህሩ ድንጋዩን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አስቀመጡ፤ አያ ቢሻው ጓንታቸውን አጥልቀው ያንን ፈሳሽ አፈሰሱበት። ንፍሮ ነው የሚመስለው፣ ይንተከተካል፤ ጢሱ ከጠረጴዛው ላይ እየወረደ እግራችንን ከበበው። መንተክተኩ በረድ ሲል ምናለ አንዲት ትንሽ ማግኔት በእንጨት ቆንጥጦ ከድንጋዩ በላይ ለቀቃት።

አልወደቀችም።

አየር ላይ ቀረች! ከላይ የሚይዛት ክር የለ፣ ከሥር የሚደግፋት የለ። ምናለ ወረቀት በሥሯ አሳለፈ። በእንጨቱ ነካ ሲያደርጋት እዚያው እንደተንሳፈፈች ትሽከረከር ጀመር። አያ ቢሻው «በስመ አብ ወወልድ!» ብለው አማተቡ፣ ወዲያው ዞር ብለው ካድሬ እንዳላያቸው አረጋገጡ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወንድሜ አለቀሰ፤ ጢሱ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ፣ ውሸቱን ነው።

በመልሱ መንገድ ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር። «እታለም፣ በመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲሄድ የቅዳሜ ገበያ ሰው ነው። ይጋፋል፣ ይጋጫል፣ ያልበዋል። ሽቦው የሚሞቀው ለዚያ ነው፤ ኃይሉ ቤታችን ሳይደርስ መንገድ ላይ ይባክናል። ይኼ ድንጋይ ሲበርደው ግን ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ እኩል ይራመዳል። የሚጋጭ የለም፣ የሚባክን የለም። ማግኔት ስታቀርቢለት ደግሞ በላዩ ላይ ኤሌክትሪኩ ይነሣና አላስገባም ብሎ ይገፋዋል።» ጃፓኖች በዚህ ባቡር እያንሳፈፉ ይሞክራሉ አለኝ። ከዚያ ደግሞ «በውጭ አገር ሆስፒታል በዚህ የሚሠራ ማሽን አለ። ሰው ሳይቀደድ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ይታያል» አለ። አባታችንን የገደለው ራስ ምታት ነበር። ሐኪሞቹ ውስጡ ያለውን ማየት አልቻሉም፤ ኪኒን ብቻ ሰጡት፣ ቀበርነው። ምናለ ያን ማሽን መሥራት ነበር የሚፈልገው። ሌላ ነገር አይመኝም ነበር።

ወሬው ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ከሚያዘጋጁት ከጓድ ሀብተሥላሴ ጆሮ ደረሰ። መምህሩንና ምናለን አስጠሩ፣ እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ማንም ግቢ አላለኝም። ጓድ ሀብተሥላሴ እንዲህ አሉ፦ «በዓሉ አሥራ አምስተኛው ነው፣ እንግዶች ይመጣሉ። ይኼ ነገር በሕዝብ ፊት ከተንሳፈፈ ልጁ ይዞት አዲስ አበባ ይሄዳል። ለቀበሌው እኔ ራሴ እነግራለሁ፣ ስሙ ይሰረዛል።»

«ካልተንሳፈፈስ?» አልኩ።

«ካልተንሳፈፈማ እንደማንኛውም ወጣት ነዋ» አሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ አልነበሩም። የራሳቸውን ልጅ በግንቦት ሸኝተዋል።

ምናለ ጭልጋ ያልሄደው ለዚህ ነው። እናቴ ስንቁን ፈታችው። እያጉረመረመች ፈታችው።

አያ ቢሻው «ጋኑ እየጎደለ ነው፤ ለበዓሉ አንድ ፔርሙዝ፣ ከዚያ በፊት ጠብታ የለም» ስላሉ ሌላ ሙከራ አልነበረም። መምህሩ ድንጋዩን በጥጥ ጠቅልለው፣ እርጥበት እንዲመጥ ደረቅ የፎገራ ሩዝ በቆርቆሮው ጨምረው ለምናለ ሰጡት። እሳቸው የተከራዩት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ የእኛ ቤት ቆርቆሮ ደህና ነው። «ውሃ ጠላቱ ነው። እርጥበት እንዳያገኘው፣ እስከ በዓሉ አትክፈተው» አሉት። ምናለ ቆርቆሮውን ሣጥን ውስጥ ሲያስገባ ለእናቴ ነገራት። «እምዬ፣ አደራሽን፣ ይኼን ነገር ውሃ እንዳይነካው።»

«ውሃ ምን ያደርገዋል? ድንጋይ አይደለም እንዴ?»

«ይፈርሳል እምዬ።»

ከዚያ ስለ ድንጋዩ ትጠይቀው ጀመር። እናቴ ፈትል እየፈተለች ነገር ትፈትላለች። ምናለም ነገራት፤ ከዚህ ነገር ቀለበት ተሠርቶ አንዴ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅበት፣ ቅዝቃዜው እስካለ ድረስ ሲዞር እንደሚኖር።

«ማን እየገፋው?»

«ማንም።»

«ሳይደክመው?»

«ዓመት ቢዞር አይደክመውም።»

እንዝርቷን አቆመች። «እንግዲያ ይኼ የእግዜር ሥራ አለበት» አለች። ምናለ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጳጉሜን ገባች። የእናቴ መጠሪያ ብርነሽ ነው፤ የክርስትና ስሟ ግን ወለተሩፋኤል ነው፣ ስለዚህ ጳጉሜን የእሷ ናት። ጎህ ሳይቀድ ጠበል ትወርዳለች፤ ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ቀን፣ የሚዘንበውን ዝናብ በሳፋ ትቀበላለች። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ጠበል ነው፤ ሕፃናት በራቁታቸው ይቦርቁበታል፣ የታመመም ይረጭበታል። ያን ዓመት በእኔም ላይ ረጨችብኝ፣ የቢሮ ልብሴን አበላሸችብኝ፣ ተጨቃጨቅን። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

መስከረም ሁለት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባንዲራ፣ መፈክር፣ የተሻሻለ ቀፎ፣ የተሻሻለ ማረሻ። የእኛ ጠረጴዛ መሀል ላይ ነበር። አያ ቢሻው ፔርሙዙን እንደ ታቦት አቅፈው መጡ። ምናለ የእኔን ሸሚዝ መሳይ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከአንድ ጣቃ ነው ያሰፋሁት። ቆርቆሮውን ከፈተ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ነገር ነበረበት። «የሩዙ ዱቄት ነው» አለና እፍ አለው።

አፈሰሱ። ጢሱ ሲወርድ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጢሱ ብቻውን ተአምር ሆኖበት። ጓድ ሀብተሥላሴ ለእንግዶቹ ገለጻ ያደርጋሉ። ምናለ ማግኔቷን በእንጨቱ ያዘ፣ ጠበቀ፣ ለቀቃት።

ጠብ አለች። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

አነሳት። «ገና አልቀዘቀዘም» አለ። አያ ቢሻው ጨመሩበት። ለቀቃት፣ ተቀመጠች። መምህሩ ማግኔቷን ገለበጧት። ተቀመጠች። ፔርሙዙን እስከ አንጠፍጣፊው አወጡት። እኔ ከኋላ ቆሜ «ተነሺ፣ ተነሺ፣ በእናትሽ ተነሺ» እላለሁ፣ ለማግኔት። ምን ላድርግ? የሚደበደብ ሰው ቢሆን እደበድብ ነበር። የሚለመን ቢሆን እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። አንዲት ቁራጭ ብረት ከሰል ላይ ቁጭ ብላለች፣ በቃ።

ጢሱ አለቀ። ጓድ ሀብተሥላሴ ምናለን አዩት፣ ዓይናቸውን ሰበሩ፣ «ጓዶች፣ ወደ ንብ ማነቡ እንለፍ» አሉ። እንግዶቹ አለፉ።

ደረጃው ላይ መምህር ወልደ ገብርኤል ድንጋዩን ገልብጠው ዓይተው በጥፍራቸው ጫሩት። ነጩ ነገር እንደ ኖራ ረገፈ። «ይኼ ውሃ ውስጥ ቆይቷል» አሉ። «ጠብታ አይደለም፣ ተነክሯል። ሞቷል።» ምናለ «ቆርቆሮውን አልከፈትኩትም፣ በእግዚአብሔር ስም!» አለ። መምህሩ አመኑት። ድንጋዩን እጁ ላይ አኖሩለትና ሄዱ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ፊታችንን እንዳየች ገባት።

«አልተንሳፈፈም?»

«አልተንሳፈፈም።»

«ኧረ አይሆንም! ምኑ ጎድሎበት?» ደረቷን መታች። «ምን ያላደረግሁት አለ? ጳጉሜን ከገባች ጀምሬ እስከ ዓመት በዓል ዋዜማ ጠበል ውስጥ አይደለም እንዴ ያሳደርኩት! ብርድ እንዳይመታው ብዬ ምድጃው ዳር ነበር ያኖርኩት። ሩፋኤል ሲዘንብማ አዲሱን ቀየርኩለት። ጥቁረቱን እየለቀቀ፣ ነጭ ነጩ እየወጣለት… በዓይኔ ዓየሁት እኮ ልጄ! ውስጡ ያለው ክፉ ነገር ነው የወጣለት።»

ምናለ እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ አየ። «እምዬ፣ ውሃ እንዳይነካው ብዬሽ አልነበር?»

«ውሃማ ጠብታ አላስነካሁትም!» ተቆጣች፤ ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ ይኸው። «እንዴት ቢንቀኝ ነው! አደራህን እበላለሁ? ጠበል ነው ያልኩህ። የሩፋኤልን ጠበል ውሃ ልትለው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምናለ ዞር ብሎ አየኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ሄዶ ጎንበስ አለና ጉልበቷን ሳመ። «ሸጋ አድርገሻል እምዬ» አላት። «ጥፋቱ የናይትሮጅኑ ነው፤ አንሶ ነው። ቅዝቃዜው አልበቃውም።»

«እኮ! እኔ ምን አልኩ?» አለች፣ ራሱን እየዳበሰች።

ጓሮ ወጥተን ክንዴን ያዘኝ። «እታለም፣ እንዳትነግሪያት። ምንም ብሆን፣ የትም ብሄድ፣ እንዳትነግሪያት።» ማልኩለት። ምን ልበለው ታዲያ? ያች ሴት ያላትን ሁሉ ነው የሰጠችው። ካላት ሁሉ የምታምነውን።

ጭልጋ እንዳይሄድ ኬላው በበዓሉ ሰበብ በወታደር ተሞልቷል። ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ሰዎች መጡ። አንደኛው አብሮት ኳስ ይጫወት የነበረ ልጅ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ነው የወሰደው። እናቴ ጋቢ ይዛ እስከ ማኪናው ሮጠች፣ ምናለ ከላይ ተቀበላት፣ ማኪናው ሄደ። እኔ ጓድ ሀብተሥላሴ ቢሮ ሄድኩ። «እኔስ ምን አቅም አለኝ፣ እህቴ?» አሉኝ፣ የራሳቸውን ልጅ ፎቶ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። መጮኽ ነበር የሄድኩት። ሳልጮኽ ተመለስኩ።

ብላቴ ማሠልጠኛ ነው አሉ። ቀጥሎ አስመራ ነው አሉ። ኅዳር ላይ አንድ ቁስለኛ ምጽዋ አየሁት አለን። የካቲት ላይ ምጽዋ ተያዘች የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። ሬዲዮኑ ዘፈን ያሰማል፣ ቀበሌው አናውቅም ይላል፣ መምህር ወልደ ገብርኤል መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ያልፋሉ።

ዘንድሮም ጳጉሜን ገባች። አንድ ጠዋት ስነሳ በረንዳው ላይ፣ ጣሪያው ዳር፣ የሸክላ ወጭት ተቀምጧል። ውስጡ ጠበል አለ። ጠበሉ ውስጥ ድንጋዩ አለ፤ ምናለ ሲሄድ ሣጥኑ ውስጥ ትቶት ነበር።

«አምና አንድ ቀን አጉድዬበት ነው» አለችኝ እናቴ። «ለዓመት በዓሉ ሽር ጉድ ብዬ በዋዜማው አወጣሁት። ያችን አንድ ቀን ባሳድረው ኖሮ…» ከንፈሯን ነከሰች። ዓመቱን ሙሉ ይኼን ነው ስትቆጥር የከረመችው። ልጄን ያስወሰድኩ እኔ ነኝ ትላለች፣ ያች አንዲት ቀን በማጉደሌ። ቢሮ ተቀምጬ ይኼ ሲመጣብኝ ታይፑ ላይ እደፋለሁ። እውነቱን ብነግራት ጭራሹን ትሞታለች። ዝም ብላት ደግሞ በዚያች አንድ ቀን ትቃጠላለች።

ሩፋኤል ዘነበ፣ ቀየረችለት። ሩፋኤልም አለፈ፣ ዓመቱም ገባ፣ አላወጣችውም። ትናንት ከቢሮ ስመለስ ጠራችኝ። «ነይማ፣ ነይ እይ ሸጋዬ። ጥቁረቱ ሊያልቅ ነው። ነጥቶ ሲያበቃ ልጄ ይመጣል፣ ታያለሽ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ወጭቱ ውስጥ ነጭ ጭቃ ዘቅጧል። ከጥቁሩ የቀረችው የጥፍር ያህል ናት።

«አየሁ እምዬ» አልኳት።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ማንጠባጠብ ጀመረ። እናቴ ቀና ብላ አየችና ደነገጠች፤ ይኼ የሩፋኤል ዝናብ አይደለም፣ ተራ ዝናብ ነው።

«ቶሎ በይ፣ ክደኚው» አለችኝ። «አደራ ብሎኛል። ውሃ እንዳይነካው።»

ከደንኩት።